የጐዳ ይክሣል፥ የተጐዳም ይጠይቃል

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ብቻውን አይኖርም። ቤቱ ከጎረቤቱ ቤት፥ ማሳው ከባልንጀራው ማሳ፥ መንገዱም ከሌላው መንገደኛ መንገድ ጋራ የተያያዘ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ ለእንጀራው ሲሮጥ ሌላውን ይገፋዋል፤ የአንዱ በሬ የሌላውን አዝመራ ያጠፋል፤ ከአንዱ ምድጃ የተነሣ እሳት የሌላውን ጎጆ ያቃጥላል። ጉዳት ከሰው ኑሮ ፈጽሞ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ስለዚህ የጥንት አባቶችም ሆኑ የዛሬ ሕግ ዐዋቂዎች የመረመሩት ጥያቄ፥ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ኪሣራውን ማን ይሸከመው የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ በሌለበት አገር ሁለት ክፉ ነገሮች ይነግሣሉ። አንደኛው በቀል ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፥ ዳኛ ያላስከፈለውን ዕዳ ልጅ ወይም ወንድም በጠመንጃ ሊያስከፍለው ይነሣል። ሁለተኛው ዝምታ ነው፤ ድኻው ተጐድቶ ሳለ፥ ቀኑ ደርሶ ነው፥ ከላይ የታዘዘ ነው እያለ እንባውን አብሶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የጐዳውም ሰው ምንም እንዳልሠራ ሆኖ በማግሥቱ ያንኑ ሥራ ይደግማል። በቀል አገርን ያጠፋል፤ ዝምታም ቸልተኝነትን ያሰለጥናል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀና መንገድ የካሣ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ፍርድን ምን ያህል እንደሚወድ፥ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች የሚለው ተረት ይመሰክራል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንድ መንገደኛ፥ በሕግ አምላክ ብሎ ሲጮኽ የሚቆሙትም ስለዚሁ ነው።

ነገር ግን ሕግን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ የሚሰጠውን መብት ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰዎች ሕግ የሚመስላቸው ጥፋተኛን ይዞ የሚያስረው ብቻ ነው። አንድ የጭነት መኪና ነጂ በቸልተኝነት አንድ የቤተ ሰብ አባወራ ገጭቶ ቢገድል፥ ፖሊስ ነጂውን ይይዘዋል፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሰዋል፤ ዳኛውም ይፈርድበታል። የሟቹ ሚስትና ልጆች ይህን አይተው ነገሩ በዚህ አለቀ ብለው ይመለሳሉ። የነጂው መታሰር ግን ለልጆቹ እንጀራ፥ ለሚስቲቱም የቤት ኪራይ አይሆንም። ስለዚህ ሕግ በአንዱ ሥራ ውስጥ ሁለት ዕዳ እንዳለ ያስተምራል። አንዱ ዕዳ ለመንግሥትና ለሕዝብ ሰላም የሚከፈል ነው፤ ይህም የወንጀል ቅጣት ይባላል። ሁለተኛው ዕዳ ለተጐዳው ሰው የሚከፈል ነው፤ ይህም የፍትሐ ብሔር ኀላፊነት ይባላል። አንዱ ዕዳ መከፈሉ ሌላውን አያስቀረውም። ይልቁንም በወንጀል የተከሰሰው ሰው ነጻ ነህ ቢባል እንኳ፥ የካሣውን ነገር የሚያየው ፍርድ ቤት ጥፋት መኖር አለመኖሩን ለመወሰን በዚያ ነጻ መለቀቅ እንደማይገደድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ2149ኛው ቍጥር ደንግጓል።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ሰው ለሰው ዕዳ የሚገባው አንዳንድ ጊዜ በውል ነው፤ ያበደረ ከተበዳሪው፥ የሸጠ ከገዢው ጋራ አስቀድሞ ተነጋግሮ ቃል ተለዋውጧል። በመንገድ ላይ የተገጨው ሰውና ገጪው ግን ከዚያ ቀን በፊት አይተዋወቁም፤ በመካከላቸውም አንዳች ቃል የለም። ስለዚህ ይህ ዐይነቱ ዕዳ ከውል ውጭ የሚደርስ ኀላፊነት ተብሏል። ምንጩ ሰው ሁሉ ባልንጀራውን እንዳይጐዳ የሚያዘው ሕግ ነው።

ይህ ትምህርት ትላንት የተወለደ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት በ21ኛውና በ22ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው የዛሬው ሕግ ሥር ከወዴት እንደ ሆነ ያያል። በዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው ከብት ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዝዟል፤ እሳት አንሥቶ የሌላውን እህል ያስበላ እንዲክሥ፥ ከብቱንም በሰው እርሻ ያሰማራ ከመልካሙ እርሻው እንዲመልስ ተነግሯል። ስለ ተዋጊ በሬም በብርቱ ጥንቃቄ ተለይቷል፤ ባለቤቱ አመሉን ዐውቆ ካላሰረውና አመሉን ሳያውቅ በድንገት ከወጋበት ሰው መካከል ታላቅ ልዩነት ተደርጓል። የዛሬ ሊቃውንት ቸልተኝነት የሚሉት ነገር በዚያ ተዋጊ በሬ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

የሮም ሰዎችም ከጌታ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባወጡት የ12ቱ ሰሌዳ ሕግ፥ እንስሳው ጉዳት ያደረሰበት ባለቤት ወይ ካሣውን እንዲከፍል፥ ወይም እንስሳውን ለተጐዳው እንዲሰጥ ፈቅደው ነበር። ኋላም የአኪልያ ሕግ በተባለው ድንጋጌ የሌላውን ንብረት ያለ አግባብ ያጠፋ ሰው በገንዘብ እንዲክሥ ደነገጉ። በኢትዮጵያ ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ክርስቲያኖች ዘንድ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለብዙ ዘመን የዳኞች መመሪያ ሆኖ ኖሯል። ከመጽሐፉም ሌላ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ የካሣ ሥርዐት ነበረው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉማ እየተባለ የሚታወቀው የደም ካሣ ሥርዐት፥ በሌላውም አገር ሽማግሎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚቈርጡት ካሣ፥ ሁሉም ደምን በደም ከመመለስ ይልቅ በካሣና በዕርቅ መመለስ ይሻላል በሚል ጥበብ የቆመ ነው።

ይህ ሁሉ ልማድ ባለበት አገር፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ከውል ውጭ ስለሚደርሰው ኀላፊነት የሚናገረው ክፍል ከ2027ኛው እስከ 2161ኛው ቍጥር ድረስ ተጽፎ ይገኛል። ቍጥሩ ብዙ ቢሆንም መሠረቱ ሦስት ነው፤ ሰው በጥፋቱ ይጠየቃል፤ ጥፋት ሳይኖርበትም በሥራው ወይም በያዘው ነገር ይጠየቃል፤ በመጨረሻም ሌላው ሰው ስላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል።

የመጀመሪያው መሠረት ጥፋት ነው። ጥፋት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን እንዲክሥ 2028ኛው ቍጥር ያዝዛል። ጥፋት ሲባል ግን አስቦ ክፉ መሥራት ብቻ አይደለም፤ ሳያስቡ በቸልተኝነት መሥራትም ጥፋት ነው፤ ደግሞም መሥራት የሚገባውን አለመሥራት ጥፋት ይሆናል። በመንገድ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ ምልክት ሳያደርግ ሌሊቱን የተወ ሰው እጁን በማንም ላይ አላነሣም፤ ነገር ግን በጨለማ ለወደቀው መንገደኛ ኀላፊ ነው። ለመሆኑ ጥንቃቄ በምን ይለካል ቢባል፥ ሕጉ የሚለካው አእምሮ ያለው መልካም ሰው በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ እንዴት ባደረገ ነበር ብሎ ነው። የሙያ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ይጠየቃል። ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ መድኀኒት ቀማሚ፥ እያንዳንዱ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ ሕዝብ ራሱን ለእጃቸው አሳልፎ የሚሰጠው ሙያቸውን አምኖ ነውና።

ጥንቃቄ የሚገባን ለማን ነው የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ሕግ ታላቅ ክርክር ያስነሣ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በስኮትላንድ በፔይዝሊ ከተማ አንዲት ሴት ጓደኛዋ ከገዛላት የዝንጅብል መጠጥ ጠጥታ፥ ከጥቁሩ ጠርሙስ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ ታመምሁ ስትል መጠጡን የሠራውን ሰው ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው እርሷ አይደለችምና ከማንም ጋራ ውል አልነበራትም። ነገሩ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ1932 ዓ.ም. በተሰጠው ፍርድ፥ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ለማያውቀው ጠጪ እንኳ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል ተባለ። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ አትኪን ነገሩን ያስረዱት፥ አንድ ሕግ ዐዋቂ ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ጌታን የጠየቀበትን የወንጌል ቃል ተከትለው ነው። በሕግ ዐይን ባልንጀራ ማለት፥ ሰው ሥራውን ሲሠራ ሊጐዳው እንደሚችል አስቀድሞ ሊያስብለት የሚገባው ሰው ሁሉ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ስላደረሰው ጉዳት ኀላፊ አድርጎታል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኀላፊነቱ አይኖርም።

ሁለተኛው መሠረት ጥፋት የሌለበት ኀላፊነት ነው። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ያላጠፋ ሰው ስለ ምን ይከፍላል ተብሎ ይጠየቃልና። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የላሟን ወተት የሚጠጣ ሰው የቀንዷንም ዕዳ መሸከም ይገባዋል። ስለዚህ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ አምልጦ ስላደረሰው ጉዳት እንኳ ይጠየቃል፤ ነገር ግን የቤት እንስሳ ከሆነና የባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት፥ እንስሳውን ለተጐዳው ሰው በመልቀቅ ከዕዳው ሊድን ይችላል። በዚህ ነገር የሮም ሰዎች ሥርዐት በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይታያል። ገበሬውም በማሳው ላይ ያገኘውን የሰው ከብት ለካሣው መያዣ ማቆየት ይችላል፤ ሳይዘገይ ግን ባለቤቱን ፈልጎ ማስታወቅ አለበት። የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፥ ፈንጂ ወይም መርዝ የሚያከማች፥ ብርቱ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋም ሰው ከዚህ ለሚመጣው አደጋ ኀላፊ ነው። በ2067ኛው ቍጥር እንደ ተደነገገው፥ በሥራው የሌላውን ሰው አካል የጐዳ ጥፋት ባይኖርበትም ይክሣል፤ ከዚህ የሚድነው ሥራው በሕግ የታዘዘ፥ ወይም ራሱን ለመከላከል በአግባብ የተደረገ፥ ወይም ጉዳቱ በተጐጂው ጥፋት ብቻ የደረሰ እንደ ሆነ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በዚህ ዘመን የከበደው የመኪና ነገር ነው። 2081ኛው ቍጥር እንደሚለው የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ሁሉ ይጠየቃል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆንም እንኳ አይድንም፤ መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ብቻ ይድናል። ሁለት መኪኖች ቢጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ተቈጥሮ ጉዳቱ በባለቤቶቹ መካከል እኩል ይከፈላል፤ አደጋው በአንዱ ነጂ ጥፋት ብቻ ወይም በይበልጥ በእርሱ ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ግን ይህ እኩል መክፈል ይቀራል። ባለቤቱ፥ ፍሬኑ በድንገት ተበጠሰ፥ ምክንያቱም አልታወቀም ቢል አይሰማለትም። የተጐጂው ጥፋት ግን ሚዛን ላይ ይገባል፤ ጉዳቱ በከፊል በራሱ ጥፋት የደረሰ ሰው ካሣው በዚያው መጠን ይቀነስበታል።

ሦስተኛው መሠረት ስለ ሌላው መጠየቅ ነው። አባት አካለ መጠን ያላደረሰ ልጁ ስላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ልጁ በእናቱ ወይም በሌላ ጠባቂ እጅ ባለ ጊዜም ጠባቂው ይጠየቃል። አሠሪም ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጐጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥፋቱ የግሉ ከሆነ ግን መንግሥት አይጠየቅም፥ ራሱ ይከፍላል። ጋዜጦችም ከዚህ አልወጡም፤ በጽሑፍ የሰውን ስም ያጠፉ እንደ ሆነ ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ዋና አዘጋጁ፥ አታሚውና አሳታሚውም እንደሚጠየቁ በ2135ኛው ቍጥር ተጽፏል።

ኀላፊው ከታወቀ በኋላ ካሣው ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሕጉ የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ካሣ ከጉዳቱ ጋራ ይተካከል። ከዚያ ቢያንስ ተጐጂው ይበደላል፤ ቢበልጥም ጉዳት መበልጸጊያ ይሆናል። ስለዚህ የሕክምናው ወጪ፥ የቀረው የሥራ ደመወዝ፥ የተሰበረው ንብረት ሁሉ ይታሰባል። ገና ያልደረሰ ነገር ግን መድረሱ የማይቀር ጉዳትም አሁኑኑ ይታሰባል። ሰው ከሞተ ባል ወይም ሚስቱ፥ ወላጆቹና ተወላጆቹ ከሟቹ ያገኙት የነበረው መተዳደሪያ እንዲከፈላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ማስረዳት ግን የተጐጂው ፈንታ ነው። ዳኛ ያላየውን ሊፈርድ አይችልምና፥ የሐኪም ወረቀት፥ የወጪ ደረሰኝ፥ የምስክሮች ስም፥ የፖሊስ ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

የኅሊና ጉዳት የሚባለው ኀዘንና ውርደት ግን በገንዘብ የሚለካ አይደለም። ሕጉም ይህን ዐውቆ፥ በተፈቀደበት ጊዜ ካሣው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በ2116ኛው ቍጥር ወሰነ። ሕጉ በወጣበት ዘመን 1,000 ብር ብዙ ነገር የሚገዛ ገንዘብ ነበር። ሕግ ዐዋቂዎች በዚህ ነገር ላይ ቢከራከሩ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የገንዘብ ዋጋ ከዘመን ዘመን ሲወርድ በቍጥር የተጻፈ ወሰን ባለበት ይቀራል፥ በዚያም የተሰጠው ካሣ ከማጽናናት ይልቅ መናቅ ሊመስል ይችላልና። ሕግ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ቍጥር በየጊዜው መመርመር ይገባቸዋል።

የመኪና አደጋ በበዛበት ዘመን የባለቤቱ ኪስ ብቻ እንደማይበቃ ስለ ታወቀ፥ በ2000 ዓ.ም. በወጣው በ559 ቍጥር አዋጅ፥ ኋላም በ2005 ዓ.ም. በተተካው በ799 ቍጥር አዋጅ፥ ባለ መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ግዴታ ሆነ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ሳይታወቅ ቢቀር፥ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ፥ ተጐጂው እንዳይወድቅ የመድን ፈንድ ተቋቋመ። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን መብቱ መኖሩን ያላወቀ ሰው ከፈንዱም ከመድኑም አይደርስም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች የብዙ ወላጅ አልባ ልጆችን እንጀራ እንደሚያሳጡ መነገር አለበት። አንደኛው የጊዜ ነገር ነው። የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት 2143ኛው ቍጥር ይደነግጋል፤ ሥራው ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም እንደ ሆነ ግን በዚያ በረዘመው ጊዜ መክሰስ ይቻላል። ኀዘንተኛ ቤተ ሰብ ለቅሶውን፥ ዐርባውን፥ ተዝካሩን ሲያስብ፥ በሽተኛም ከሐኪም ወደ ጠበል ሲመላለስ፥ ሁለት ዓመት እንደ አንድ ቀን ያልፋል። ሁለተኛው ሳይመረመር የሚደረግ ዕርቅ ነው። የሽማግሌ ዕርቅ የተከበረ ነገር ነው፤ ደምን ያደርቃል፥ ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛል። ሕጉም በፈቃድ የተደረገን የዕርቅ ስምምነት እንደ ተፈረደ ነገር ያጸናዋል። እንዲህ ከሆነ ግን በለቅሶ ቀን፥ የከፈንና የንፍሮ ወጪ ብቻ ተከፍሎ የሚፈረም ወረቀት፥ የሕፃናቱን የብዙ ዓመት መተዳደሪያ ለሁልጊዜ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ሽማግሎች አስቀድመው ሟቹ ማንን ይመግብ እንደ ነበረ፥ ልጆቹም ስንት ዓመት እንደሚቀራቸው ጠይቀው መቍረጥ ይገባቸዋል። ይቅርታ የአዋቂው ነው፤ የሕፃኑን እንጀራ ግን ማንም ሽማግሌ በምሕረት ስም ሊሰጠው አይገባም።

አንዳንድ ደጋግ ሰዎች ካሣ መጠየቅ ትዕግሥትን የሚያጎድል፥ በሞተ ሰው መነገድም ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ንስሐውን ያሳየው በእንባ ብቻ አልነበረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ እንጂ። የበደለ ሰው የወሰደውን ሳይመልስ ይቅር በሉኝ ቢል ንስሐው ጎዶሎ ነው። እንዲሁም የተጐዳ ሰው የሚገባውን በሕግ መንገድ መጠየቁ በቀል አይደለም፤ ይልቁንም በቀልን ከቤቱ የሚያስወጣበት በር ነው። ካሣ ካልተከፈለ ቂም ይቀራል፤ ቂም በቀረበትም ቤት ልጅ ሲያድግ ጠመንጃውን እያየ ያድጋል።

እንግዲህ ከዚህ ሕግ ሁሉም ድርሻውን ሊወስድ ይገባዋል። ባለ መኪናው መድኑን ያድስ፥ ነጂውንም መርጦ ይቅጠር፤ አሠሪው የሠራተኛውን ጥንቃቄ ይከታተል፤ ቤት ሠሪው ጉድጓዱን ይክደን፤ ገበሬውም ተዋጊ በሬውን ይሰር። የተጐዳም ሰው ማስረጃውን ይዞ፥ ቀኑን ቈጥሮ፥ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደሚታመኑ ሽማግሎች ይሂድ። ዳኛውም የመጣለትን ነገር ሳያዘገይ ይመርምር፤ የዘገየ ካሣ ለተራበ ልጅ ከተከለከለ ካሣ አይሻልምና። የሕግ መጽሐፍ በሣጥን ተቈልፎ ቢቀመጥ ጥቅም የለውም፤ የሚጠቅመው ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ ጋራ ሲኖር እያስታወሰ የሚመላለስበት እንደ ሆነ ነው።